የቤት ካሜራ በቅናሽ ልትገዙ ነው? ቆይ አንዴ

ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፣ ንዴቴ አልበረደም፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

እነዚህን የመገናኛ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፣ "እህቴ ግቢ፣ ኦርጅናል ነው፣ የዱባይ ነው፣ ላንቺ ስለሆነ ነው" የሚሉትን። ሌላ ቦታ 6 ሺህ ያሉኝን የሚዞር የዋይፋይ ካሜራ በ2,800 ብር ሰጡኝ፣ ስራ ስውል ልጄንና ሞግዚቷን ልይ ብዬ ነው። አፑ ፕሌይ ስቶር ላይ ሲጠፋ ሻጩ ልጅ "ችግር የለም በቴሌግራም እልክልሻለሁ" አለኝ፣ እኔ ተማርኩ የምለዋ ሴትዮ ደሞ ጫንኩት! ፓስወርዱን ልቀይር ስል "ተይው ትረሺዋለሽ" አለኝና ከአንድ እስከ ስድስት ያለውን የፋብሪካ ቁጥር እንዳለ ተውኩት። ምን ነክቶኝ ነው በናታችሁ።

እሁድ ማታ ልጄን ላስተኛ ስል ዚዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካሜራው እየዞረ ነው። ስልኬ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነው፣ ባሌ ፊልድ ወጥቷል፣ ሌላ አፑ ያለው ሰው የለም። ከበሩ ጀምሮ ቀስ እያለ መጣና አልጋው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከነገመዱ መንጭቄ ነቀልኩት።

ኔትወርክ የሚሰራ የአክስቴ ልጅ የሞዴል ቁጥሩን አይቶ ነው የነገረኝ፣ ካምፓኒው ካቆመው ቆይቷል፣ አፕዴት የሚባል የለውም፣ የተገኘበት ቀዳዳ ሁሉ እንደተከፈተ ነው የሚቀረው። አፑ ግን "አዲሱ ቨርዥን ነው" ይላል፣ አልዋሸም፣ ሌላ የሚመጣ የለማ! አቭቴክ የሚባል ካሜራም እንደዚሁ ማምረቱ ከቆመ በኋላ በብርሃን ማስተካከያው በኩል ሃከር ሲገባበት ነበር አለኝ፣ እንዴት እንደሚገባበት ከ2019 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ ማስጠንቀቂያው የወጣው 2024 ላይ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "ይሰራል አይሰራም?" አለኝ። ይሰራል ግን ብቻውን ይዞራል፣ ካምፓኒውም ትቶታል አልኩት። "እናውቃለን እኮ እህቴ፣ ስለቆመ አይደል በዚህ ዋጋ የሰጠንሽ?" እናውቃለን! ታዲያ ስገዛ ለምን አልነገርከኝም ስለው ካሸሯን አየት አድርጎ "ደሞ አንቺን ማን ብሎ ያይሻል" ብሎ ሳቀ። ቻርጀር የሚመርጡ ሁለት ሰውዬዎችም አብረው ሳቁ። የአራት አመት ልጄ የምትተኛበት ክፍል ነው የሚያስቃቸው። ክስ እንዳልል ደረሰኝ የለኝም፣ "ያለ ቫት ላርግልሽ" ሲለኝ አመስግኜው ነበር።

ልትገዙ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ጎግል አድርጉ፣ አፑ ከስቶር ካልወረደ ትታችሁ ውጡ። የገዛችሁም ንቀሉት፣ ሚሞሪውን አውጡ፣ የዋይፋይ ፓስወርድ ቀይሩ።

ወይኔ፣ ይሄን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ፣ የዛን ቀን ቤት ገብቼ አልገናኝ ሲለኝ ልጁ ላኪልኝ ብሎኝ የዋይፋያችንን ፓስወርድ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ልቀይር ሄድኩ።