ለትንሿ ኤሊ፦ ፀሐይ ወይስ የዩቪቢ አምፖል?

ለቅርፊቷ ጥንካሬ ካልሲየም ብቻውን አይበቃም። ሰውነቷ ካልሲየሙን እንዲቀበለው ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋታል፤ እሱን ደግሞ ቆዳዋ የሚሠራው ዩቪቢ በተባለው፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባለ በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። ጨረሩ ሲጎድል ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል።

ፀሐይን የሚያክል የለም። በመስኮት የሚገባው ግን አይቆጠርም፤ መስታወት አብዛኛውን ዩቪቢ ያስቀራል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ደጅ ስትወጣ ጥላ ይኑራት፤ ያለችበት ትንሽ ውሃ ቶሎ ይግላል፣ ወፍም ሊነጥቃት ይችላል።

አምፖሉ ደመና አያግደውም፤ በቀን ለ10–12 ሰዓታት ያህል ማብራት ይቻላል። ችግሩ፣ ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ይደክማል። እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይቀየር። ተራ አምፖልማ ሙቀት እንጂ ዩቪቢ አይሰጥም።

እኔ ብሆን አምፖሉን ቋሚ አድርጌ፣ ፀሐይ ስትገኝ ደጅ አወጣታለሁ።