54 ካርድ፣ ከላይ ሁለት ቦታ ብቻ

መሥሪያ ቤታችን አንድ አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ የሠራተኛና የመሥሪያ ቤት እሴት ምን ያህል እንደሚገጥም አስመዘነ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስለ ካርዶቹ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ እነሱ ምንም ጥፋት የለባቸውማ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 54 ካርድ ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል፦ «ፍትሃዊነት»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ደፍሮ መሞከር»፣ «የሥራ ዋስትና»፣ «ረጅም ሰዓት መሥራት»፣ «መረጃን ሳይደብቁ ማካፈል»። እነዚህን 9 ክምር ላይ ትደለድላላችሁ። እንደፈለጋችሁ ግን አይደለም። ከሁሉ የምታስበልጡት ክምር የሚይዘው 2 ካርድ ብቻ ነው። ቀጥሎ 4፣ 6፣ 9፣ መሃል ላይ 12፣ ከዚያ 9፣ 6፣ 4፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 2። ዘዴው ኦራይሊ፣ ቻትማንና ካልድዌል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ነው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። የልጆች ጨዋታ መሰለኝ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ግን ላብ ላብ አለኝ። ተራ መጠይቅ ቢሆን ሁሉም ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብዬ እገላገል ነበር። ፍትሃዊነትን እጠላለሁ የሚል ማን አለ? እዚህ ግን አንዱን ለማውጣት ሌላውን ማውረድ ግድ ነው። «የሥራ ዋስትና»ን ዝቅ ላደርገው ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም መለስኩት። 7 ዓመት ሙሉ እዚህ ምን እንዳስቀመጠኝ ያኔ ገባኝ።

ከሳምንት በኋላ ውጤቴ መጣ፦ 0.71። የእኔ ድልድል መሥሪያ ቤቱን ይገልጻል ተብሎ ከተደረደረው ድልድል ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳይ ቁጥር ነው። መለኪያው ከ1 አያልፍም፤ እስከ -1 ግን ይወርዳል። አማካሪው ፈገግ ብሎ «እርስዎና መሥሪያ ቤትዎ እጅና ጓንት ናችሁ» አለኝ።

እኔ ደግሞ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቻለሁ። የምሠራው ቅሬታ ክፍል ነው። ደንበኛ ሲደውል «ጉዳይዎ እየታየ ነው» እንላለን። ፋይሉ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። እንዲህ በሉ የሚል መመሪያ የለም። ሁላችንም ግን እንላለን።

ታዲያ 0.71 ከየት መጣ? ጠየቅኩ። የመሥሪያ ቤቱን ካርዶች የደረደረው ራሱ አማካሪው ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መፈክር እያነበበ! እኔ የተመዘንኩት ከፖስተር ጋር ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ቤቱን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነባር ሰዎችን ነበር ያስደረደሩት። የነሱን አማካይ ወስደው ከሠራተኛው ድልድል ጋር አነጻጸሩ። እሴቱ የገጠመለት ሰው ከዓመት በኋላ በሥራው የበለጠ ረክቶ አገኙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሳይለቅ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ሆኖ ታየ። የእኛዎቹ ዋናውን ሥራ ዘለው ቁጥሩን ብቻ አመጡ።

አጠገቤ ከምትቀመጠው ባልደረባዬ ጋር እረፍት ሰዓት ላይ እንደገና ሠራነው። በዚህኛው ዙር የደረደርነው የቢሮውን ነው፤ እንዳለ፣ ሳናሳምር። «መረጃን ሳይደብቁ ማካፈል» የምትለውን ካርድ አንስታ ታች አስቀመጠቻትና «ከዚህ በታች ክምር የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ጋ ያቺው ካርድ ሁለተኛው ክምር ላይ ናት። በነገራችን ላይ «እውነቱን መናገር» የሚል ካርድም ፈልጌ ነበር። የተሰጠን ጥቅል ውስጥ የለም። የሚቀርበው «ፍትሃዊነት» ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የሰው ሀብት ክፍል «ወደፊት ለቅጥርም እንጠቀምበታለን» ማለቱ ነው። ሽናይደር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 የጻፈው ነገር አለ። ድርጅት የሚመስሉትን ሰዎች ይስባል፣ ከነሱም ይመርጣል፣ ያልገጠመው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ በአንድ ዓይነት ሰው ይሞላል። እኛ ክፍል «እየታየ ነው» ማለት አልሆንለት ያለ አንድ ልጅ ነበር። በ4ኛ ወሩ ለቀቀ። እሱ ቦታ የገባው ያለ ምንም ችግር ይላል። ያኛው ልጅ ያን ቀን ካርድ ቢደረድር ኖሮ ውጤቱ «አይገጥምም» ነበር የሚሆነው። እኔ ደግሞ ለዚያ ክፍል የሚያስፈልገው እሱ ነበር እላለሁ።

ለካርዱ ከ5 አራት እሰጣለሁ። ለአገልግሎቱ አንድ፤ እሱም በሰዓታቸው ስለተገኙ ነው። እናንተም ጋ ከመጡ የመሥሪያ ቤቱን ካርድ ማን እንደደረደረው ጠይቁ። ውጤቱንም ካርድ በካርድ እንዲያሳዩአችሁ ያዟቸው፤ አንድ ቁጥር የቱ ላይ እንደተለያያችሁ አይነግራችሁም።

የራሴን ድልድል ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ከዓመት በኋላ ደግሜ ልሠራው ነው። «የሥራ ዋስትና» ያኔ የት እንደሚያርፍ ማየት እፈልጋለሁ።