ምስጋና ለጥርስ ሐኪሜ፣ ጥቆማ ለእናንተ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ ዝም አይለኝም።

በ2 ዓመት ውስጥ 5 ጥርስ አስሞልቻለሁ፣ አንድ ደግሞ አስነቅያለሁ። ስማቸውን የማልጠራቸው ቦታዎች ስሄድ ነገሩ ሁሌ አንድ ነው፦ አፍሽን ክፈቺ፣ ይሰረሰራል፣ ይሞላል፣ ቀጣይ! ለምን እንደሚበላብኝ ስጠይቅ አንዱ "በደንብ ስለማትቦርሺ ነዋ" ብሎኝ ጓንቱን አወለቀ። ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ የምቦርሽ ሰው ነኝ! ያን ቀን መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ እንኳ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር።

ይቺ ዶክተር ግን፣ ልጅ እግር ናት፣ እድሜ ይስጣት፣ መሣሪያ ሳታነሳ መጠየቅ ጀመረች። የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ሌሊት አፍዎ ደርቆ ይነቃሉ? ጣፋጭ ነገር በቀን ስንት ጊዜ ይቀምሳሉ? ከዚያ ትንሿን መስታወት ጉንጬ ውስጥ ስታስገባት ልጥፍ አለች። ቀስ ብላ አላቀቀቻትና "አዩ? ምራቅዎ አንሷል" አለችኝ። ኩባያ ሰጥታኝ፣ ሰዓት ይዛ፣ ምራቄን ለካች። ምራቅ ሲለካ ያየሁት ያኔ ነው።

ለካ ለአለርጂ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን አፌን ያደርቀዋል። እኔ ደግሞ ድርቀቱን ላስታግስ ብዬ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ከአፌ አይጠፋም። ጣፋጭ በገባ ቁጥር አሲድ ይፈጠራል፣ ያንን አጥቦ ጥርስን የሚጠግነው ምራቅ ነው አለችኝ። የቀረውን ማብራሪያ አልያዝኩትም። "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ብሩሽ ብቻውን ይህን አይችለውም" ያለችኝን ግን መቼም አልረሳውም።

ጥርሴ ለመበስበስ በጣም የተጋለጠ መሆኑን ነግራኝ በየ3 ወሩ ቀጠረችኝ። ጥርስ የሚያጠነክር ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ቀባችኝ፤ ቦርሼ ስጨርስ እንድተፋ እንጂ በውኃ እንዳልጉመጠመጥ አስተማረችኝ፤ ኪኒኑን ላዘዘልኝ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ሌላ ቦታ "ይሰርሰር" የተባለውን ነጭ ምልክት ያለበት ጥርሴን "ገና አልተቦረቦረም፣ እንከታተለው" ብላ አልነካችውም። ይኸው ዓመት ሞላኝ፣ እሱም ደህና ነው፣ አዲስ የተበላ ጥርስም የለኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ጥርሱ ደጋግሞ የሚበላበት ዘመድ ካላችሁ እባካችሁ፣ እባካችሁ ወደ እሷ ውሰዱት። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የመድኃኒታችሁን ካርቶን ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።