ኮሮና እያለ ልጅ ትምህርት ቤት ልላክ ወይስ ይቅር እያላችሁ ለምትጨነቁ የጅማ ወላጆች (ይሄን የጻፍኩት በ2013 ነው)፦ ልጆቼ የሚማሩበት የመንግስት ት/ቤት እንዴት ከፈተ

ስሙን አልጠራም፣ ግን ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ እየተመላለስኩ አይቼዋለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ሲዘጋ ለ15 ቀን ነው ተብሎ ነበር እኮ፣ ከዛ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት 2013 ደረሰ፣ በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቁጭ አለ። በሬዲዮ ይማራሉ ተባለ፣ ሬዲዮ የሌለበት ቤትስ?

በሩ ላይ ሲታይ ሁሉ ነገር አለ። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል፣ ሳሙና፣ ጥበቃው ጋሼ ሙቀት መለኪያውን ግንባር ግንባራቸው ላይ እየደቀኑ ያስገባሉ፣ ማስክ የሌለው አይገባም። ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ ብቻ ልባችሁ አይረፍ፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ 36 ምናምን ብሎ ሰተት ብሎ ያልፋል። ማስኩም ቢሆን ትንንሾቹ ጋ ያው ነው፣ የሦስተኛ ክፍሏ ልጄ ጠዋት ነጭ አድርጌላት ወጥታ ማታ ሰማያዊ አድርጋ መጣች፣ "ተቀያየርን" አለችኝ፣ የጓደኛዋ ያምራል ብላ! አሁን ስሟን በክር ጠልፌበታለሁ፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።

ዋናው ነገር ክፍሉ ውስጥ ነው። ለ2013 መከፈቻ የወጣው የኮሮና መመሪያ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይላል፣ እዚህ ድሮ 50 ምናምን ነበሩ፣ አሁን ለሁለት ከፍለዋቸው አንዱ ቡድን ዛሬ ሌላው ነገ እያሉ እየተፈራረቁ ይገባሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ። ይሄን በደንብ ሰርተውታል፣ እውነት ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ነው። መስኮቱ ላይ ግን ተናደድኩ። በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ የታፈነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ርቀት ብቻውን ብዙ አያስጥልም። የትልቁ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ቲቸሯ ጎበዝ ናት፣ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋ ነው የምታስተምረው፣ ዝናብ ሲመጣ እንኳ (የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ) የሚያስገባውን ወገን ብቻ ነው የምትዘጋው። የትንሿ ክፍል ግን መስታወቱ የተሰበረበት መስኮት ሁሉ ላሜራ ተመቶበታል፣ ሁለት ብቻ ነው የሚከፈተው። ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው፣ በጀት አሉኝ። ላሜራ ለመንቀል ምን በጀት ያስፈልገዋል? መዶሻ ነው የሚያስፈልገው።

ታዲያ ለምን ትልኪያለሽ ትሉኝ ይሆናል። እቤት የቀረ ልጅ ከበሽታው አምልጦ አይደለማ! ሲዘጋ ያየነውን አየን፣ ልጆቹ ሕርማታ መርካቶ ገበያ ሲዞሩ፣ ባጃጅ ውስጥ አራት አምስት ሆነው ሲታጨቁ ነው የዋሉት፣ ያውም ያለ ማስክ። ገጠር ደግሞ ይብሳል፣ አሁን የቡና ለቀማ ወቅት ነው፣ ለቀማ ገብቶ ብር የለመደ ልጅ ተመልሶ ደብተር አይዝም፣ የተዳረች ልጅማ ጭራሽ አትመለስም። ኮሮና ሕፃናትን አጥብቆ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው፣ እነዚህ ጉዳቶች ግን ዕድሜ ልክ ይከተሏቸዋል። ሁለቱን ስመዝን ለኔ መላኩ ይሻላል።

ይሄ ግን ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ቤት እናቴ አለች፣ ስኳር አለባት፣ እኔ የምፈራው ለልጆቹ ሳይሆን ለሷ ነው። ስለዚህ ልጆቹ እንደገቡ ታጥበው ልብስ ቀይረው ነው የሚቀመጡት፣ ከሷ ጋር ሲሆኑ በረንዳ ላይ፣ ምሳም ለብቻ፣ መሳሳም የለም። ከባድ ነው፣ ትንሿ አያቷን ሳትስም የማታድር ልጅ ናት። መምህራኑንም አስቡልኝ፣ ጡረታ የደረሱ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አሉ፣ ቀኑን ሙሉ እየጮሁ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው፣ ማስክ የሚገዙት ግን ከኪሳቸው ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ማሰብ የነበረበት ለነሱ ነው።

ከ10 ሰባት ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመምህራኑ ማስክ፣ ሁለቱን ለመስኮቱ ነው። የወላጅ ስብሰባ ስትሄዱ ስለ ሳኒታይዘር ብቻ አታውሩ፣ ክፍሉ ድረስ ግቡና የልጃችሁ ዴስክ አጠገብ ያለውን መስኮት ራሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩት። መርዳት የምትፈልጉ ደግሞ ሳሙና ውሰዱላቸው፣ በርሜሉ ጋ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልቀው።