የጥንት ሞተርሳይክል ካርቡሬተር፦ የትኛው ኒኬል፣ ለየትኛው ብረት?

የመጀመሪያውን አሮጌ ካርቡሬተሬን፣ ማለትም ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ክፍል፣ አስጠግኜ ስረከብ ፊቴ ይታይበት ነበር። ገጠምኩት፤ ሞተሩም ተነሳ። ሚኒሞ ግን አልይዝ አለ። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይጠፋል። ሳየው የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው የቢራቢሮ ቫልቭ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ በልቶ ሰፍቷል። ያንን ማንም አልነካውም። ውጪው ብቻ ኒኬል ለብሶ መጣ፤ በዘንጉ ዳር ግን አየር ይስባል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ለማሠራት ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዘንጉ ነው። ቀዳዳው በቶርኖ ሰፍቶ አዲስ ቦኮላ ይገባበታል? ወይስ ወፈር ያለ ዘንግ ይሠራለታል? ሁለቱም ጥሩ መፍትሔ ነው። «አጥበን ኒኬል እንቀባዋለን» የሚል መልስ ከሰማችሁ ግን የገዛችሁት ቀለም ነው።

ወደ ኒኬሉ ከመሄዳችን በፊት ብረቱን እንይ። በማይታይ ቦታ ትንሽ ጫር አድርጉት። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ከወጣ ናስ ወይም ነሐስ ነው። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሃርሊ ዴቪድሰንና ኢንዲያን ሞተርሳይክሎች ላይ ይገጠም የነበረው ሼብለር ካርቡሬተር እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ኒኬልን አጥብቆ ይይዛል፤ አትፍሩ።

ግራጫ ከወጣ ግን ቆም በሉ። አማል የተባለው የእንግሊዝ ካርቡሬተር በ1927 ከሦስት ድርጅቶች ውህደት የተወለደ ነው። ብዙዎቹ ሥራዎቹ፣ በ1955 የመጣው ሞኖብሎክ የተባለው ሞዴልም ጭምር፣ ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ዕቃው ኒኬል ለመልበስ የሚነከርበት ገንዳ አሲድነት ስላለው ዚንኩን ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መዳብ መልበስ አለበት። መዳቡ በደንብ ካልያዘ ኒኬሉ ውሎ አድሮ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ይቋጥራል። ለማሳመር አጥብቆ መፋቅም አይመከርም። የላይኛው ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ ይነሳና ከሥሩ ወንፊት የመሰለ ብረት ይወጣል። የእኔ ምክር አጭር ነው። ሞኖብሎክ ካላችሁ በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ በሚያጥብ ማሽን) አሳጥቡት፣ ግራጫነቱን ተዉለት። ያምርበታል።

አሁን ዋናው ምርጫ፦ በኤሌክትሪክ የሚለበጥ ኒኬል ወይስ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጥ?

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የድሮው ነው። ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሠራበት የገንዳ ቅመም በ1916 ኦሊቨር ዋትስ ያስተዋወቀው ነው። ኤሌክትሪኩ ጠርዝና ጉብታ ይወዳል፤ ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ግን እምብዛም አይገባም። የልባጥ ባለሙያዎች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። ለካርቡሬተር ግን ጸጋ ነው! የነዳጅና የአየር መንገዶቹ በአብዛኛው እንደነበሩ ይቀራሉ።

ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን አብነር ብሬነርና ግሬስ ሪዴል በ1946 አስተዋወቁት። ዕቃው 90 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ፈሳሹ የደረሰበት ሁሉ እኩል ውፍረት ይለብሳል፣ ውስጡም ጭምር። ልባጡ ጠንካራ ነው፤ ዝገትንም በደንብ ይቋቋማል። ችግሩ ያው እኩልነቱ ነው። 25 ማይክሮን ልባጥ የቀዳዳን ስፋት ከሁለት ወገን ያጠባል፤ ማለትም 0.05 ሚሊሜትር ይቀንሳል። በብሎን ጥርስ ላይ ደግሞ ልዩነቱ የውፍረቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንደ አማል ያለ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ቫልቭ ያለው ካርቡሬተር እንዲህ ሲጠብ ይነክሳል። ጋዝ ለቃችሁ ሞተሩ እንደጮኸ ሲቀር አስቡት።

እንግዲህ ሼብለር ላለው ሰው በኤሌክትሪክ የሚለበጠውን እመርጣለሁ። ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጠውን የምመርጠው ሠሪው ቀዳዳዎቹንና ጥርሶቹን ሁሉ ደፍኖ እንደሚነክር ካረጋገጠልኝ ብቻ ነው። ውፍረቱንም በማይክሮን ይንገረኝ። ጄቶቹ፣ ማለትም ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ክፍሎች፣ ግን በምንም ዓይነት ገንዳ ውስጥ መግባት የለባቸውም። የጄት ቀዳዳ ትንሽ ከጠበበ የነዳጅና የአየር ልኩ ይበላሻል። ስፕሪንግም እንዲሁ አይለበጥ፤ በልባጡ ወቅት ሃይድሮጂን ይገባበትና ተሰባሪ ይሆናል።

የመልክ ነገርም አለ። ክሮም ለገበያ መዋል የጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ካርቡሬተር ላይ ክሮም ማድረግ አያት ላይ መነጽር ሳይሆን የፀሐይ መነጽር እንደማድረግ ነው። ኒኬል ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሞቅ ይላል። ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል። መስታወት የመሰለው ኒኬልም ቢሆን የኋላ ዘመን ቅመም ውጤት ነው። የድሮው ደብዘዝ ይላል። «ደብዛዛ ኒኬል» ብላችሁ እዘዙ፤ አለበለዚያ የሚመጣላችሁ የቧንቧ እጀታ የሚመስል ነገር ነው።

ከልባጥ በፊት የሚደረገውን ጽዳትም ጠይቁ። በአሸዋ የሚነፋ ሰው በአካሉ ላይ የተቀረጹትን ፊደላት ያደበዝዛል። ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ደግሞ ጠባብ መንገድ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ተነስቶ ጄቱን ይደፍናል።

ቤት ውስጥ በኮምጣጤና በኒኬል ቁራጭ የሚሠራውስ? ለብሎን፣ ለክዳን፣ ለትንንሽ እጀታ ይሆናል። ለዋናው አካል አልመክረውም፤ ልባጡ ስስና ዥንጉርጉር ይሆናል። ጓንት አድርጉ፤ የኒኬል ጨው ለቆዳም ለሳንባም ጥሩ አይደለም። በኒኬሉ ቦታ የማይዝግ ብረት ማንኪያ እንዳትጠቀሙ። ከውስጡ የሚወጣው ክሮም መርዝ ነው።

የራስን ከማስጠገን ይልቅ ተጠግኖ የተዘጋጀ መግዛት ወይም መለዋወጥም ይቻላል። ፈጣን ነው፤ ወዲያው ትገጥማላችሁ። ግን በአካሉ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከሞተራችሁ ጋር ይሄዳል ወይ? የራሳችሁን ሰጥታችሁ የሌላ ከተቀበላችሁ የድሮው ተመልሶ አይገኝም። አዲስ የተሠራ አምሳያ ደግሞ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ነው፤ ዘንጉ አላለቀም፣ የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊም አዲስ ነው። ለኤግዚቢሽን ለሚያዘጋጅ ግን አይሆንም፤ ዳኞቹ ያውቁታል።

ተንሳፋፊውን ካነሳሁ አይቀር፣ የድሮው ብዙ ጊዜ ከቡሽ የተሠራና በላክ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት የዛሬ ቤንዚን ላኩን ያሟሟዋል። ቡሹ ነዳጅ ይጠጣና ይሰምጣል፤ ካርቡሬተሩም ያፈሳል። «ሙሉ ጥገና» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ተንሳፋፊው ከምን እንደተሠራና ነዳጁን የሚዘጋው መርፌ ከነመቀመጫው ተቀይሮ እንደሆነ ይንገራችሁ። ፎቶም ጠይቁ፤ ያንጸባረቀውን ውጪውን ሳይሆን፣ ተፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ዘንጉና ቦኮላው ጎን ለጎን ሆነው።