«የጾም ምሳን ጨምሮ» ለሚል ጉዞ ቀድማችሁ አትክፈሉ

የገና ጾም ገብቷል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውም ሰው መመዝገብ ጀምሯል። ቴሌግራም ላይ «ትራንስፖርት፣ መኝታና የጾም ምግብ ጨምሮ» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ነው። የመኪናውንና የመኝታውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ። ምግቡን ግን ከሒሳቡ አስወጡት። የምግብ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና አይታችሁ፣ ጠይቃችሁ ብሉ።

ይህን የምለው ለጾመኛ ብቻ አይደለም። በጤና ምክንያት ወይም በራሱ ምርጫ ስጋና ቅቤ የተወ ሰውም ከከተማ ሲወጣ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ በምሥራቅ ስትወጡ ፈጣኑ መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል። ብዙ የጉዞ መኪና ግን በአሮጌው መንገድ ገላንን አልፎ ዱከም ይቆማል። ዱከም ደግሞ በቁርጥ የታወቀች ከተማ ናት። የሚቆምበትን ቤት የሚመርጠው ተሳፋሪው አይደለም። በብዙ ቤት ሹፌርና ረዳት ሰው ስላመጡ በነጻ ይበላሉ። የእነሱ ምሳ ከማን ሒሳብ ላይ እንደሚወጣ ግልጽ ነው።

በቅርቡ አርብ ቀን ከእናቴ ጋር በቡድን ቢሾፍቱ ደርሰን ስንመለስ ምሳ የተያዘልን እዚያው ዱከም፣ ፊት ለፊቱ ስጋ የተሰቀለበት ቤት ነበር። ሁላችንም የከፈልነው እኩል ነው። ለፍስክ በላተኛው ጥብስ በብረት ምጣድ መጣ። ለእኛ ሽሮ፣ ጎመንና ሰላጣ። ይሁን፣ እሱ እንኳ ያልፋል። እናቴ አስተናጋጁን «የኔ ልጅ፣ ቅቤ የለበትም አይደል?» አለችው። «የጾም ነው እማማ፣ ይብሉ» አላት። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ነው። አንድ ጉርሻ ቆርሳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና መልሳ አስቀመጠችው። ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ በሽታው ይታወቃል። አስተናጋጁ ማድ ቤት ደርሶ ተመለሰና «ጭልፋ ተነካክቶ ይሆናል» አለ። በቃ፣ ይኸው ነበር መልሱ።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ አስተባባሪው «ሒሳቡ ለቤቱ ተከፍሏል» አለ። ቤቱ «ከአስተባባሪው ጋር ተነጋገሩ» አለ። ደረሰኝ በእጃችን የለም። እናቴ እስከ ቃሊቲ ድረስ ምንም ሳትቀምስ ነው የተመለሰችው። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት። በጣም ነው ያናደደኝ፤ አሁንም ያናድደኛል።

ሁሉም ቤት ሆን ብሎ ያታልላል አልልም። ማድ ቤቱ አንድ ነው። ቁሌቱ በአንድ ድስት ተጠብሶ ለፍስኩም ለጾሙም ይከፋፈላል። ጭልፋው ከቀይ ወጥ ወደ ምስር ይገባል። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ድንችና ሳንቡሳ ይጠበስበታል። በሁዳዴና በፍልሰታ አብዛኛው ሰው ስለሚጾም ብዙ ማድ ቤት ከነድስቱ የጾም ይሆናል። በገና ጾም፣ በሰኔ ጾምና በተራ ረቡዕና አርብ ግን የሚጾመውና የማይጾመው እኩል ይመጣል። ችግሩ የሚበዛው ያኔ ነው።

ስለዚህ «የጾም አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አለ» ነው የሚሏችሁ። «ሽሮው የተቁላላው በምንድን ነው? ጭልፋው ለብቻው ነው? ድንቹ የተጠበሰበት ዘይት ዓሣ ገብቶበታል?» በሉ። አስተናጋጁ ከተደናገረ ወጥ ሠሪዋን ማነጋገር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እሷ እውነቱን ትነግራችኋለች፤ እኔን እስካሁን የዋሸችኝ ወጥ ሠሪ የለችም። ይህን ሁሉ እንጀራው ሳይዘረጋ ጨርሱት። ከተዘረጋ በኋላ «ነክታችሁታል» ይመጣል።

አንዳንዱ ሰው ሽሮው ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ከረጋ ቅቤ ነው ይላል። በዚያ አትተማመኑ። የፓልም ዘይትም ቀዝቀዝ ሲል ይረጋል። ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ይሻላል። «የአትክልት ቅቤ ነው» ካሏችሁም ማሸጊያውን አምጡ በሉ፤ ወተት የገባበት ማርጋሪን አለ። ፉል ስታዙ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ እርጎ ብላችሁ ዘርዝሩ። ፓስታ በስጎ ከሆነ ስጋው ተለቅሞ እንዳይመጣላችሁ በአትክልት አሠሩት። በያይነቱ አልቋል ብለው ዓሣ የሚያቀርቡም አሉ። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሌላም አለ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ «ምሳን ጨምሮ» ለእናንተ ንጹሕ ኪሳራ ነው። መኪናው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆማል፣ ሌላው በልቶ ይነሳል፣ የእናንተ ድርሻ እዚያው ይቀራል። ቋጥሩልኝ ስትሉ «ጥቅሉ ውስጥ የለም» ይባላል። በራሳችሁ ብታዙ ግን በዕቃ አስይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

በራሳችሁ ስታዙ ደግሞ ዋጋውን አጣሩ። ሜኑ ላይ 400 ብር ያያችሁት «ስፔሻል የጾም» 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 440 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 506 ብር። ጭማሪ እንጀራ ለብቻው ይታሰባል። «ይህ ዋጋ ቫትና ሰርቪሱን ይዟል?» ማለት ነውር አይደለም። በእጅ በተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ላይ ቫት ደምረው ካመጡላችሁ ሕጋዊ የቫት ደረሰኝ ጠይቁ። ቫት የሚሰበስብ ቤት ያንን መስጠት አለበት።

ለቁልቢ መንገድ የምመክረው ስንቅ ነው። ከዱከም በኋላ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ እያለ መንገዱ ረጅም ነው፤ በየማቆሚያው ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቁ መዋል ያደክማል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ ያዙ። ዳቦ ቆሎ ከገዛችሁ ቅቤ እንዳልገባበት የሠራችውን ሴትዮ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይገባበታል። ለእናቶችና ለአባቶች በተለይ ስንቅ ሳትይዙ አትውጡ። እነሱ ከተጠራጠሩ አይበሉም፣ ራበኝም አይሉም።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለአስተባባሪው በጽሑፍ ላኩለት። ምሳው የት ቤት እንደሆነ፣ ምን እንደሚቀርብ፣ ካልተበላ ስንት ብር እንደሚመለስ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። በስልክ የተባለው ዱከም ላይ አይሠራም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ያላደረገ ቤት ከገጠማችሁ ሜኑውንና የተሰጣችሁን ወረቀት ፎቶ አንሱና ለአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። እኛ ደረሰኝ ስላልነበረን ይህን ማድረግ አልቻልንም።