ዊልቸርና የጾም ምግብ ይዞ ክሩዝ፦ ከባልቲሞር ወይስ ከፍሎሪዳ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለ ቤተሰብ እናት ወይም አባትን ይዞ ክሩዝ (በትልቅ መርከብ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ) ለመውጣት ሲያስብ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንዱ በመኪና አንድ ሰዓት አካባቢ የሚወስደው የባልቲሞር ወደብ ነው። ሌላው በአውሮፕላን ተሂዶ ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴል ወይም ከፖርት ካናቨራል የሚነሡት ትልልቅ መርከቦች ናቸው። ብዙ ሰው ዋጋውንና የመርከቧን ስም ያወዳድራል። ተጓዡ በዊልቸር የሚሄድ፣ ጾመኛ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው መርከቧ የምትቆምባቸው ወደቦች ናቸው፣ ቀጥሎ የካቢኑ በር ስፋት፣ ከዚያ ምግቡ፣ ዋጋው መጨረሻ። ምግብ ቀድሞ በተላከ ኢሜይል ይስተካከላል፤ 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ግን ለማንም አይሰፋም።

ከቤት እስከ መርከብ

የባልቲሞር ትልቁ ጥቅም አውሮፕላን አለመኖሩ ነው። አየር መንገዶች ዊልቸርና ስኩተር (መራመድ የሚቸግረው ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ባለ ባትሪ መሣሪያ) ያለ ክፍያ ይጭናሉ፤ ሆኖም ዕቃው አንዳንዴ እጀታው ተጣሞ ወይም የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ይወጣል፤ መርከቧ ደግሞ ተጠግኖ እስኪመጣ አትጠብቅም። ከፍሎሪዳ የሚነሣ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ በዋጋው ላይ የአንድ ሌሊት ሆቴልና ዊልቸር የሚጭን ታክሲ (ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ወደብ፣ ሲመለሱም እንደገና) ይደመር። በባልቲሞር መኪናውን ተርሚናሉ ያለበት ግቢ አቁሞ መሄድ ይቻላል።

የባልቲሞር ጉድለቱ የመርከቦቹ ዓይነት ነው። ከዚያ የሚወጣ መርከብ ሁሉ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት፤ ከውሃው እስከ ድልድዩ ያለው ክፍተት 56 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግዙፎቹ አይገቡም። ለዓመታት ከዚያ የሠራችው ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ በ1998 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረች፣ ሁለት ሺህ ገደማ ተሳፋሪ የምትይዝ መርከብ ናት። ከፍሎሪዳ የሚነሡት የኦኤሲስ ዓይነት መርከቦች ከ5,000 በላይ ይይዛሉ፤ ርዝመታቸውም 360 ሜትር አካባቢ ነው።

የትኛው ይሻላል? ተጓዡ በምርኩዝ ወይም በዎከር የሚራመድ ከሆነ ትንሿ መርከብ ታሸንፋለች፤ ከካቢን እስከ መመገቢያ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ከጫፍ ጫፍ መሄድ አያደክምም። ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን አዲሷና ትልቋ ትመረጣለች፤ ለዊልቸር የተሠሩ ካቢኖቿና ሊፍቶቿ ይበዛሉ። ሊፍት ግን የትም ቢሆን በእራት ሰዓትና ትርኢት ሲያልቅ ይጨናነቃል፤ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ይበጃል።

ወቅቱም ይታሰብ። በክረምት ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ ሲወረድ በኬፕ ሃተራስ አካባቢ አትላንቲክ ይናወጣል፤ ቆሞ ሚዛኑን መጠበቅ ለሚቸግረው ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከፍሎሪዳ መነሣት ይሻላል። የትም ቢሆን መሐል ላይ ያለና ዝቅ ያለ ወለል የሚገኝ ካቢን ንውጥውጡ ይቀንሳል።

መርከቧ የት ትቆማለች?

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መርከብ በአንዳንድ ወደብ መትከያው ድረስ ተጠግታ ትቆማለች፤ ተሳፋሪው በመሸጋገሪያ ድልድይ ይወርዳል፣ ዊልቸሩም አብሮ ይገፋል። በሌላ ወደብ ግን ባሕር ላይ መልሕቅ ጥላ ሰውን ቴንደር በሚባል ትንሽ ጀልባ ታመላልሳለች። ጀልባዋ ከመርከቧ ጎን ትወዛወዛለች፤ በመሐል ክፍተትና ደረጃ አለ። ብዙ ኩባንያዎች ጥቂት እርምጃ በራሱ መራመድ የማይችል ሰው ቴንደር እንዲሳፈር አይፈቅዱም፤ ከባድ ስኩተርም አያነሡም። ባሕሩ ከተናወጠ ካፒቴኑ በዕለቱ ሊከለክል ይችላል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ጉብኝት ያኔ ይቀራል።

ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ የሚሄደው ጉዞ በዚህ ረገድ ጥሩ ነው፤ መርከቧ ሮያል ኔቫል ዶክያርድ ላይ ትጠጋለች፣ ሱቆቹና ሙዚየሙም እዚያው አጠገብ ናቸው። በባሃማስ ናሳውና ኮኮኬይ መትከያ አላቸው፤ ኮኮኬይ ላይ ለአሸዋ የተሠራ ሰፊ ጎማ ያለው ዊልቸር አለ፣ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። በመኸር ወደ ካናዳ የሚሄደው መንገድ ግን ይጣራ። ባር ሃርበር ቴንደር ነው። ሴንት ጆን ላይ መርከቧ ብትጠጋም የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል በቀን ውስጥ ወደ 8 ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ መሸጋገሪያው በአንዳንድ ሰዓት እንደ ዳገት ይቆማል፤ የመውረጃውን ሰዓት ሠራተኞቹን ጠይቆ መምረጥ ያስፈልጋል።

ከፍሎሪዳ ከሆነ «ምሥራቅ ካሪቢያን» ከ«ምዕራብ ካሪቢያን» ይሻላል። በምሥራቁ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ማርተንና ሳን ሁዋን ሁሉም መትከያ አላቸው። በምዕራቡ ኮዙሜል፣ ኮስታ ማያና ሮአታን ደህና ናቸው፤ ግራንድ ኬይማን ግን ቴንደር ነው፣ ቤሊዝ ሲቲም እንዲሁ፣ የቤሊዙ የጀልባ ጉዞ ደግሞ ረጅም ነው። ምዕራቡን የግድ የሚፈልግ ሰው ኬይማንና ቤሊዝ የሌሉበትን የጉዞ መሥመር ይፈልግ። የሰለብሪቲ ክሩዝስ ኩባንያ ኤጅ ዓይነት መርከቦች እስከ ውሃው ደረጃ የሚወርድ መድረክ አላቸው፣ በሆላንድ አሜሪካ አንዳንድ መርከቦችም ዊልቸር ወደ ቴንደር የሚያሸጋግር መሣሪያ አለ፤ ሁለቱም ይረዳሉ እንጂ በዕለቱ መውረድን አያረጋግጡም።

ካቢን፦ ሦስት ዓይነት እንጂ ሁለት አይደለም

የተራ ካቢን በር 58 ሴንቲ ሜትር (23 ኢንች) ገደማ ነው፤ የመታጠቢያው በር ከዚያም ይጠባል፣ መግቢያው ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደፍ አለ። ለዊልቸር የተሠራው ካቢን በሩ 81 ሴንቲ ሜትር (32 ኢንች) አካባቢ፣ መዞሪያው 1.5 ሜትር፣ ሻወሩ ያለ ደፍ ተገፍቶ የሚገባበትና ታጣፊ መቀመጫ ያለው ነው። በመሐል ደግሞ በአንዳንድ ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ በካርኒቫል፣ «አምቡላቶሪ» የሚባል አለ። መደገፊያ ብረት ተተክሎለታል፤ የተሠራው ግን ለሚራመድ ሰው ነው። «ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን» የሚለውን ብቻ አይቶ ይህን የገዛ ሰው ዊልቸሩን ኮሪደር ላይ ማቆም አይችልም፤ ለእሳት አደጋ ሲባል ኮሪደር ላይ ምንም ዕቃ አይቀመጥም።

ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ የክፍሉን ቁጥር ይዘው ይጠይቁ፦ የዋናው በርና የመታጠቢያው በር በኢንች ስንት ነው? የሻወሩ መግቢያ ደፍ አለው? አልጋው ከወለል ስንት ነው? በረንዳ ካለው ራምፕ አለ? ሦስተኛ ሰው ሶፋ አልጋ ላይ ከተኛ መዞሪያው ይዘጋል? የመጨረሻው ጥያቄ ይረሳል፤ ልጅ ከእናት ጋር ለማደር ስታስብ ሶፋው ሲዘረጋ ዊልቸሩ መታጠቢያው ጋ አይደርስም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ስፔክተር በኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን ላይ ባቀረቡት ክርክር የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በአሜሪካ ውሃ ላይ ባሉ የውጭ ባንዲራ ያላቸው መርከቦችም ላይ በመሠረቱ እንደሚሠራ ወስኗል። ለተደራሽ ካቢን ከተመሳሳይ ደረጃ ክፍል በላይ ክፍያ አይጠየቅም፤ ኩባንያው ግን ፍላጎትን የሚገልጽ ቅጽ ያስሞላል። እነዚህ ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ከ9 እስከ 12 ወር ቀድሞ መያዝ ነው። የክፍሉ ቁጥር ኋላ የሚሰጥበትን «ጋራንቲ» የሚባል ርካሽ ትኬት አይግዙ።

ምን ላይ ይቀመጡ?

| መሣሪያ | ስፋት | በተራው በር | በቴንደር |
|---|---|---|---|
| ባለ አራት ጎማ ዎከር | ከ58–66 ሴ.ሜ፣ ይታጠፋል | ታጥፎ | ይፈቀዳል |
| ሰው የሚገፋው ቀላል ዊልቸር | ከ51–58 ሴ.ሜ | በጭንቅ | ተጓዡ ጥቂት ከተራመደ |
| ባለ ትልቅ ጎማ ዊልቸር | ከ61–68 ሴ.ሜ | ካልታጠፈ አይገባም | ተጓዡ ጥቂት ከተራመደ |
| ትንሽ ስኩተር | ከ48–56 ሴ.ሜ | ይገባል፣ ውስጥ መዞሪያ የለም | ብዙ ጊዜ አይጫንም |

ስፋቱን ከመቀመጫው ሳይሆን ከሁለቱ ጎማዎች ውጫዊ ጠርዝ ይለኩ። መርከቧ ላይ ያሉት ዊልቸሮች ለመሳፈሪያ፣ ለመውረጃና ለድንገተኛ አደጋ ናቸው፤ ለሳምንት አይሰጡም። ዕቃ መሸከም የማይፈልግ ሰው እንደ ስፔሻል ኒድስ አት ሲ ወይም ስኩትአራውንድ ካሉ አከራዮች ቢወስድ ካቢኑ ድረስ ያደርሱለታል። የስኩተሩ ባትሪ ደረቅ ወይም ጄል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ፈሳሽ አሲድ ያለበትን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ከቤት የመጣ ማራዘሚያ ገመድ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል፤ ለባትሪ ወይም ለእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን ካስፈለገ መርከቧ እንድታቀርብ ቀድሞ ይጠየቃል። ለኢንሱሊን ካቢን ውስጥ ባለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ አይተማመኑ፤ ብዙ ጊዜ ሙቀቷን በትክክል አትጠብቅም። የመድኃኒት ማቀዝቀዣና የመርፌ መጣያ ዕቃ ይጠይቁ።

ምግብ

በምግብ በኩል በባልቲሞርና በፍሎሪዳ መርከቦች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቆቹ ብዙ መመገቢያ አላቸው፣ ዋናው አሠራር ግን አንድ ነው። የሚያስመርጠው ቡፌና ዋናው መመገቢያ ክፍል ነው። ቡፌ ፈጣን ነው፤ ማንኪያ ግን ከሳህን ወደ ሳህን ይዞራል፣ መጥበሻውም ለሁሉም አንድ ነው። ግሉተን የሚጎዳው ሰው እዚያ አይመገብ። ዋናው ክፍል ውስጥ ሄድ ዌይተሩ (የአስተናጋጆቹ አለቃ) በየማታው የነገውን ሜኑ ያመጣል፤ ዛሬ ከመረጡ ነገ ለብቻው ይሠራል። ጨው የተከለከለ ሰው በዚህ መንገድ ካላዘዘ ሾርባና ስጎው ቀድሞ ተሠርቶ ስለሚያድር ምንም ማድረግ አይቻልም። በተቻለ መጠን ቋሚ የእራት ሰዓት ይምረጡ፤ አስተናጋጁ አንድ ስለሚሆን በየቀኑ ከአዲስ አስረድቶ መድከም አይኖርም።

ለጾመኛ ለክሩዝ ኩባንያው ኢሜይል ሲጻፍ «ፋስቲንግ» ብቻ አይበሉ፤ ምንም የማይበላ ሰው ሊመስላቸው ይችላል። «ኦርቶዶክስ» ካሉ ደግሞ የግሪኮች ጾም ሽሪምፕ ስለሚፈቅድ ሽሪምፕ ሊመጣ ይችላል። «ቬጀቴሪያን» ካሉ አይብና እንቁላል ይመጣል። «ቪጋን» ብለው ይጻፉ፣ ቀጥሎም ይዘርዝሩ፦ ሥጋ የለም፣ ዶሮ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ የለም፤ ዓሣ የማይበላ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ። ከመነሻው ቀን ቢያንስ ከ45 እስከ 60 ቀን በፊት ይላክ፤ መርከቧ ላይ በገቡ ዕለትም ሄድ ዌይተሩን አግኝተው ማረጋገጥ አይቅር።

ለሀበሻ ምላስ የሚስማማው የሕንድ ምግብ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ከሜኑ ውጭ የሕንድ የአትክልት ምግብ አንድ ቀን ቀድሞ ለሚያዝዝ ይሠራሉ፤ ምስር፣ ሽምብራና ድንች በቅመም ይመጣሉ። «ጊ» የሚባለው ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር (የሕንድ አይብ) እንዳይገባ ግን ይናገሩ። የፍስክ ነገር የሚደበቅባቸው ሌሎች ምግቦች የአትክልት ሾርባ (በዶሮ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል)፣ በቅቤ የተለወሰ ሩዝና አትክልት፣ ላዩ በእንቁላል የተቀባ ዳቦም ናቸው። የሰባት ሌሊት ጉዞ ከረቡዕና ከዓርብ አያመልጥም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው ደግሞ ይህ በመርከቡ ሰዓት 3፡00 ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የምሳው ቡፌ ሊዘጋ ነው፤ የዕለቱን ፕሮግራም ማየትና ሳህን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ሃላል ለሚፈልግ «ያለ አሳማ» ማለት አይበቃም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ መርከቦች የዕለቱ ሥጋ የሃላል ማረጋገጫ የለውም፤ ቀድሞ ታዝዞ ካልመጣ ዓሣና አትክልት ይሻላል። ጄሊና ሙስ በሚባሉት ጣፋጮች ውስጥ ያለው ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ይችላል፤ ስጎና ኬክ ውስጥም ወይንና ሩም ይገባል።

ከቤት ስንቅ? ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም፤ እንጀራና ወጥ በላስቲክ ቋጥሮ የሄደ ሰው በር ላይ ይቀማል። ፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ደረቅ ነገር በአብዛኛው ያልፋል። በሶ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እሳት አይፈልግም። ማንቆርቆሪያ ግን አይፈቀድም፤ ሙቅ ውሃ ከቡፌው ይቀዳል።

ከመክፈል በፊት

በልደት ወረቀት መሄድ የሚፈቀደው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱን ይያዝ፤ መርከቧ የምትቆምባቸውን አገሮች የቪዛ ደንብም በፓስፖርቱ ዜግነት ይፈትሽ። በጉብኝት ቪዛ የመጡ ወላጆች ቪዛቸው «አንድ ጊዜ መግቢያ» ከሆነ ተመልሶ መግባት ያጠራጥራል፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አይክፈሉላቸው።

ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) መርከቧ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ስትርቅ የመርከብ ሐኪምን ወጪ አይከፍልም። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ ነባር ሕመምን የሚሸፍነው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የመጀመሪያው ቀብድ ከተከፈለ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ለገዛ ነው። ስለዚህ ካቢኑ በተያዘበት ሳምንት ይገዛ፤ ከባሕር ወደ ሆስፒታል በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን መወሰድን የሚሸፍን መሆኑም በጽሑፍ ይታይ።